ሆድ ገፍቶ ወደ ቢሮ መመለስ፦ ከሐኪም ወረቀት እስከ ወሊድ ፈቃድ

ሐኪም «እረፊ» ብሎሽ ጥቂት ሳምንት ቤት ቆይተሻል። ወይም ከቤት ሆነሽ ስትሠሪ ከርመሽ አለቃሽ «ከሰኞ ጀምሮ ሁላችሁም ቢሮ» ብሏል። ወይም የዓመት ፈቃድሽ አልቋል። ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ ሰባት ወር ያለፈው ሆድ ይዘሽ አዲስ አበባ ውስጥ ቢሮ ልትገቢ ነው።

ብዙ ሴቶች ሰኞ ገብተው ረቡዕ ላይ እጅ ይሰጣሉ። ሥራው ከብዷቸው አይደለም። የሚጥላቸው የታክሲ ሰልፉ፣ መብራት ሲጠፋ የሚቆመው ሊፍት፣ ቁጢጥ የሚያስብለው ሽንት ቤት እና «ችግር የለም፣ እናያለን» ተብሎ በቃል የቀረው ስምምነት ነው። እነዚህ ሁሉ ቢሮ ከገባሽ በኋላ ለማስተካከል ያስቸግራሉ። ከመግባትሽ በፊት ግን ይቻላል። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ግማሹ ከመጀመሪያው ቀን በፊት ያለው ሥራ ነው። እሱን ዘለሽ ወደ ታች አትውረጂ።

መመሪያው በግል ድርጅት ለምትሠራና እርግዝናዋ 28 ሳምንት ላለፈ ሴት ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆንሽ የምትተዳደሪው በሌላ አዋጅ ስለሆነ የፈቃዱን ጉዳይ ከሰው ሀብት ክፍልሽ አረጋግጪ። የቀረው ላንቺም ይሠራል።

ደረጃ 1፦ ቀኖችሽን ቁጠሪ

መጀመሪያ የመውለጃ ቀንሽን፣ ከዚያ ፈቃድ የምትወጪበትን ቀን እወቂ። በመሃሉ ያለው ጊዜ ነው ቢሮ የምትቆዪው።

1. የመጨረሻው የወር አበባሽ የጀመረበትን ቀን ያዢ።
2. ዘጠኝ ወር ከ10 ቀን ጨምሪበት። ለምሳሌ መስከረም 10 ከሆነ፣ የመውለጃ ቀንሽ ሰኔ 20 አካባቢ ነው።
3. በመሃል ጳጉሜ ካለች ዘጠኝ ወር ከ5 ቀን ብቻ ጨምሪ። ጥር 10 ከሆነ ጥቅምት 15 ይመጣል። ጳጉሜ 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ ዘጠኝ ወር ከ4 ቀን ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።
4. ከመውለጃው ቀን 30 ቀን ወደ ኋላ ቁጠሪ። ከወሊድ በፊት ያለው ፈቃድሽ የሚጀምረው ያኔ ነው። በመጀመሪያው ምሳሌ ግንቦት 20፣ በሁለተኛው መስከረም 15 ማለት ነው።

የወር አበባሽን ቀን በትክክል ካላስታወስሽ ወይም አመጣጡ የተዛባ ከነበረ፣ በእርግዝናሽ መጀመሪያ ላይ የተነሳሽውን አልትራሳውንድ ተከተዪ። የመጀመሪያዎቹ ወራት አልትራሳውንድ ዘግይቶ ከሚነሳው ይልቅ ቀን በመገመት የተሻለ ነው። የመጨረሻውን ውሳኔ ሐኪሙ ይስጥ። አንዴ ቀኑ ከተወሰነ በኋላ ግን በሁሉም ወረቀት ላይ ያንኑ ተጠቀሚ። የክትትል ካርድሽ አንድ ቀን፣ የሐኪም ደብዳቤው ሌላ ቀን፣ ማመልከቻሽ ሦስተኛ ቀን ካለው የሰው ሀብት ክፍሉ ወረቀቱን ይመልስብሻል። የድርጅታችሁ ሲስተም በአውሮፓውያን አቆጣጠር የሚሠራ ከሆነ ሁለቱንም ጻፊ።

አሁን የቀረሽን የሥራ ሳምንት ተመልከቺ። ከሁለት ሳምንት በታች ከሆነና ያልተጠቀምሽበት የዓመት ፈቃድ ካለሽ፣ በእኔ አስተያየት ቢሮ መመለሱ አያዋጣም። የዓመት ፈቃድሽን ጠይቂና ቤትሽ ቆዪ። ለአሥር ቀን ብለሽ ይህን ሁሉ ጣጣ ማለፍ የለብሽም።

ደረጃ 2፦ ሐኪምሽን ጠይቂ፣ ወረቀት ይዘሽ ውጪ

«ቢሮ መግባት እችላለሁ?» ብለሽ ብቻ ከጠየቅሽ «ትችያለሽ» ይልሻል፣ ያ ደግሞ ምንም አይጠቅምሽም። ሐኪሙ ቢሮሽ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ አያውቅም። ዝርዝሩን ንገሪው፦

- ለመሄድና ለመመለስ በቀን ስንት ሰዓት መንገድ ላይ እንደምትሆኚ፣ በምን እንደምትሄጂ
- ስንት ፎቅ እንደምትወጪ፣ ሊፍቱ አስተማማኝ መሆን አለመሆኑን
- በቀን ስንት ሰዓት ተቀምጠሽ ወይም ቆመሽ እንደምትውዪ
- ሥራሽ ዕቃ ማንሳት፣ መስክ መውጣት ወይም የማታ ፈረቃ እንዳለው

ከሚከተሉት አንዱ ካለብሽ ሐኪምሽ በግልጽ «ግቢ» ሳይልሽ አትመለሺ፦ በዚህ እርግዝና ደም ፈሶሽ ከነበረ፣ የእንግዴ ልጁ የማኅፀን በር ላይ ነው ከተባልሽ፣ የደም ግፊትሽ ከፍ ብሎ ከነበረ፣ ያለጊዜው ምጥ ምልክት ታይቶብሽ ከነበረ፣ መንታ ከያዝሽ፣ ከዚህ በፊት ያለጊዜው ወልደሽ ከነበረ።

ደብዳቤው ላይ እነዚህ መኖራቸውን ከክፍሉ ሳትወጪ አረጋግጪ፦ የእርግዝናሽ ሳምንት፣ የሚጠበቀው የመውለጃ ቀን፣ ለሥራ ብቁ መሆንሽ፣ እና ገደቦቹ። ገደቦቹ በደንብ ይጻፉ። «ቀላል ሥራ ትሥራ» የሚል ወረቀት ለአለቃሽ ምንም አይነግረውም። «ዕቃ አታንሳ፣ ደረጃ አታብዛ፣ በየሰዓቱ ተነስታ ትንቀሳቀስ» የሚል ይሻላል። ማኅተምና ፊርማ እንዳይረሳ። ማኅተም የሌለው ወረቀት ይዛ ስትመላለስ የምትውል ነፍሰ ጡር ማየት ያሳዝናል።

*ሐኪሙ ቸኩሎ ከሆነ፦* ዝርዝሩን በወረቀት ጽፈሽ ስጪው። ብዙ ጊዜ ወደ ደብዳቤው የሚገለብጠው እሱኑ ነው።

ደረጃ 3፦ ከአለቃሽ ጋር ተስማሚ፣ በጽሑፍ ያዢው

መጀመሪያ ሕጉ ምን እንደሚሰጥሽ እወቂ። መብትሽ የሆነውን ነገር እንደ ውለታ እንዳትለምኚ፣ መብት ያልሆነውን ደግሞ እንደ መብት ይዘሽ እንዳትጣዪ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፦

- ከመውለጃው ቀን በፊት 30 ተከታታይ ቀን፣ ከወለድሽ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ አለሽ። ተከታታይ ስለሆነ እሑድና በዓል አብሮ ይቆጠራል።
- ከእርግዝና ጋር ለተያያዘ ምርመራ ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ታገኛለሽ። የሐኪም ማስረጃ ማምጣት አለብሽ።
- ሐኪም እረፍት ካዘዘ ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጥሻል።
- ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ድረስ ሊያሠሩሽ አይችሉም። የትርፍ ሰዓት ሥራም ክልክል ነው።
- ሥራው ላንቺ ወይም ለጽንሱ አደገኛ መሆኑን ሐኪም ካረጋገጠ ወደ ሌላ ሥራ መዛወር አለብሽ።
- እርግዝና ከሥራ ለማሰናበት ምክንያት አይሆንም። በእርግዝናሽ ወቅትና ከወለድሽ በኋላ ባሉት አራት ወራት ውስጥ፣ ከእርግዝናው ጋር ያልተያያዘና በሕጉ የተዘረዘረ ምክንያት ከሌለ ሊያሰናብቱሽ አይችሉም።

ዘግይቶ መግባት፣ ቀደም ብሎ መውጣት፣ ሁለት ቀን ከቤት መሥራት ግን እዚህ ዝርዝር ውስጥ የሉም። እነሱን በስምምነት ነው የምታገኚያቸው። ስለዚህ አጠያየቅሽ ወሳኝ ነው።

1. ከመመለስሽ ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በፊት አለቃሽን አግኚ። በስልክም ይሆናል።
2. ሦስት ነገር ብቻ ጠይቂ። ከሦስት ካለፈ የሰው ጆሮ ይደክማል። የእኔ ምርጫ እነዚህ ናቸው፦ ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ገብቶ 10 ሰዓት መውጣት፣ በሳምንት ሁለት ቀን ከቤት መሥራት፣ ሊፍት ሲበላሽ የምትሠሪበት ምድር ቤት ወይም አንደኛ ፎቅ ላይ ያለ ቦታ።
3. ለእያንዳንዱ ሥራው እንዴት እንደማይጎዳ ንገሪው። «ሪፖርቱን ማታ ከቤት እልካለሁ» አትበይ። ያ ትርፍ ሰዓት ነው፣ ራስሽ ላይ ገመድ ማጥለቅ ነው። «የደንበኞቹን ስብሰባ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ባለው አድርጉልኝ» በይ።
4. በዚያው ቀን በኢሜይል ጻፊ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ በተነጋገርነው መሠረት ከሐሙስ ጀምሮ ወደ ቢሮ እመለሳለሁ። የሥራ ሰዓቴ ከ3፡30 እስከ 10፡00፣ ማክሰኞና ረቡዕ ከቤት፣ ሊፍት በማይሠራበት ቀን ምድር ቤት ባለው ቢሮ ይሆናል። የወሊድ ፈቃዴ ግንቦት 20 ይጀምራል። የሐኪም ማስረጃ አያይዣለሁ። የተሳሳትኩት ካለ ያርሙኝ። አመሰግናለሁ።»

ለሰው ሀብት ክፍሉ ግልባጭ አድርጊ። «የተሳሳትኩት ካለ ያርሙኝ» የምትለዋን አትተያት። መልስ ባይሰጥ እንኳ የተስማማችሁበት ነገር ጽሑፍ ላይ ሰፍሯል ማለት ነው።

*«አይቻልም» ካለ፦* የትኛው እንደማይቻል ለይተሽ ጠይቂ። ሰዓቱ ካልሆነ ከቤት የመሥራቱን ቀን አጥብቀሽ ያዢ። ለሁለት ሳምንት ብቻ እንሞክረው በይ፤ ሰው ለሙከራ ይስማማል።

*በሕጉ ያለውን ከከለከለሽ፦* ለምሳሌ ለክትትል ቀን ደመወዝ ከቆረጠ ወይም ማታ ካስገባሽ፣ በመጀመሪያ ለሰው ሀብት በጽሑፍ አመልክቺ። ሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ አሳውቂ። ካልሆነ የሥራና ክህሎት ቢሮ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች አሉ። ከሁሉም በፊት ግን ማስረጃሽን ሰብስቢ፤ በቃል የተባለ ነገር ዋጋ የለውም።

ደረጃ 4፦ መንገዱን አስቀድመሽ ሞክሪ

ከመመለስሽ በፊት ባለው ሳምንት አንድ ጠዋት በሥራ ሰዓት ተነስተሽ እስከ ቢሮ በር ሄደሽ ተመለሺ። እሑድ ቀን ሞክሪ አላልኩም። እሑድ መንገዱ ባዶ ነው፣ ያታልልሻል።

*ሰርቪስ ካለ* ፊት ያለው መቀመጫ እንዲያዝልሽ ሹፌሩን ራስሽ አነጋግሪ። ብዙ ሹፌሮች ከአለቃ ትእዛዝ ይልቅ «አባቴ፣ እባክህ ቦታዬን ጠብቅልኝ» የሚለውን ይሰማሉ። መንገድ ላይ ሽንት ቤት መውረድ ቢያስፈልግሽ የት እንደሚያቆምልሽም ተነጋገሩ።

*በሚኒባስ ከሆነ* ከኋላ ወንበር ራቂ፤ ጉድጓድ ላይ አብዝቶ የሚያነጥረው እሱ ነው። ታጣፊውን ወንበርም ተዪው፤ ሰው በወረደ ቁጥር መነሳት አለብሽ። ጋቢና በበሩ በኩል፣ ቀበቶ ካለው ይሻላል። መካከለኛው የጋቢና ቦታ ከታች ሞተሩ ስላለ ይግላል። ሰልፍ ላይ ቆመሽ ተራ አትጠብቂ። ወደ ፊት ሂጂና ተራ አስከባሪውን ንገሪው። የአዲስ አበባ ሰው ሆድ የገፋች ሴት ሲያይ «አሳልፏት» ማለቱ አይቀርም። የሚያፍረው ጠያቂዋ ነው። አትፈሪ።

*በአውቶቡስ* መሄድ የሚቻለው መቀመጫ ካገኘሽ ብቻ ነው። ቆመሽ አትሂጂ፤ ፍሬን ሲይዝ ሚዛንሽ እንደ ድሮው አይደለም። ባጃጅ ደግሞ ኮብልስቶን ላይ ሲሆን ጭራሽ ተዪው።

*በራይድ ወይም በሌላ ጥሪ ታክሲ* በየቀኑ መሄድ ደመወዝሽን ይበላዋል። በሰፈርሽ አካባቢ መኪና ያለው ባልደረባ ካለ የነዳጁን ተጋሪና አብራችሁ ሂዱ። ቢያንስ የመመለሻውን በዚህ መልክ አድርጊው። ከጠዋቱ ይልቅ የማታው ነው የሚሰብረው፤ እግር ያበጠው፣ ወገብ የዛለው ያኔ ነው።

*የደኅንነት ቀበቶ፦* የታችኛው ማሰሪያ ከሆድሽ በታች፣ የዳሌሽ አጥንት ላይ ይለፍ። ሆድሽ ላይ በፍጹም አይለፍ። የላይኛው በጡቶችሽ መሃል ወርዶ በሆድሽ ጎን ይለፍ። «ሆዴን ይጫነዋል» ብለሽ አትተዪው። በትክክል ከታሰረ አንቺንም ጽንሱንም ይጠብቃል።

መንገዱ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ከወሰደብሽ ወደ ደረጃ 3 ተመለሺና ከቤት የምትሠሪበትን ቀን ለመጨመር ተደራደሪ።

ደረጃ 5፦ ቢሮውን አስተካክዪ

ለሙከራ በሄድሽበት ጠዋት ወደ ውስጥ ግቢና እነዚህን እዪ።

*ሊፍት።* መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ ሊፍቱን ያንቀሳቅሳል ወይስ መብራት ብቻ ነው የሚሰጠው? ጥበቃውን ጠይቂ፣ እሱ ከሁሉ በላይ ያውቃል። ስልኩን ያዢና ጠዋት ከቤት ሳትወጪ ደውለሽ «ሊፍቱ እየሠራ ነው?» በይው። ደረጃ መውጣት ግድ ከሆነብሽ መደገፊያውን ይዘሽ ውጪ። በየፎቁ ቁሚ። እጅሽ ላይ ምንም አትያዢ። ማዞር ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ተቀመጪ፤ ደረጃው ላይም ቢሆን።

*ሽንት ቤት።* በቀን ብዙ ጊዜ ነው የምትመላለሺው። መቀመጫ ያለው የትኛው ፎቅ ላይ እንደሆነ እወቂ። የሚቆለፍ ከሆነ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ጠይቂና አንዱን ኮፒ ውሰጂ። ቁጢጥ የሚባልበት ብቻ ከሆነ የምትደገፊው ነገር መኖሩን፣ ወለሉ ውሃ እንደማይቋጥር ተመልከቺ። የጽዳት ሠራተኛዋን ተዋወቂ። ወለሉ ሲታጠብ ቀድማ ብትነግርሽ ከመንሸራተት ያድንሻል። ሽንት ቤቱ ስላስቸገረ ብለሽ ውሃ መጠጣት አታቁሚ። ብዙዎች የሚያደርጉት ይህንን ነው፣ ውጤቱም ራስ ምታት፣ ድርቀትና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው። ስትሸኚ ካቃጠለሽ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂጂ፤ በእርግዝና ጊዜ ችላ የሚባል አይደለም።

*ወንበር።* የማይሽከረከር፣ መደገፊያው ቀጥ ያለ፣ እጀታ ያለው ይሁን። ጎማ ያለው ወንበር ስትቀመጪ ሊሸሽብሽ ይችላል። ወገብሽ ጋ ትንሽ ትራስ ወይም የተጠቀለለ ነጠላ አድርጊ። ከእግርሽ ሥር ሁለት ደስጣ ወረቀት ደርድሪ፤ ለእግር ማረፊያ ይበቃል። እግርሽን አታጣምሪ።

*የምትተኚበት ቦታ።* ይህን የምትጠይቅ ሴት ጥቂት ናት። የስብሰባ አዳራሽም ይሁን የዕቃ ክፍል፣ በምሳ ሰዓት ለግማሽ ሰዓት በጎንሽ የምትጋደሚበት ቦታ አስፈቅጂ። በጀርባሽ ለረጅም ጊዜ አትተኚ፤ የማኅፀኑ ክብደት ትልቁን የደም ሥር ይጫነዋል፣ ያዞርሻል።

ደረጃ 6፦ ሁለት ቦርሳ አዘጋጂ

አንዱ በየቀኑ የምትይዢው ነው፦ የክትትል ካርድሽ (ከዚህ በኋላ ያለ እሱ ከቤት አትውጪ)፣ ውሃ፣ ሶፍት፣ የምሳ ዕቃ፣ ቆሎ ወይም ሙዝ፣ አንድ ቅያሪ የውስጥ ልብስ፣ ሁለት ሞዴስ፣ የስልክ ቻርጀር፣ ለብቻው የተቀመጠ የታክሲ ብር።

ሁለተኛው ቢሮ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል፦ ነጠላ ጫማ፣ ሰፊ ቀሚስ ወይም ጋቢ፣ ፎጣ፣ ውፍረት ያለው ላስቲክ። ላስቲኩና ፎጣው የእንሽርት ውሃ ቢፈስ መኪና ወንበር ላይ ይነጠፋሉ። ባለታክሲው ወንበሩን ሲያስብ አንቺ ቆመሽ እንዳትቀሪ።

የወሊድ ቦርሳው ግን ቤት ይሁን። የት እንዳለ ባለቤትሽ፣ እናትሽ ወይም እህትሽ ይወቁ።

ደረጃ 7፦ ሐሙስ ጀምሪ

ሰኞ አትጀምሪ። ሐሙስ ከገባሽ ሁለት ቀን ሠርተሽ ቅዳሜና እሑድ ታርፊያለሽ። ምን እንደጎደለም በሁለቱ ቀን ታውቂያለሽ።

የመጀመሪያው ቀን እንዲህ ይሂድ።

*ጠዋት።* ቁርስ ሳትበዪ አትውጪ። የብረት ክኒንሽን ከሻይ ወይም ከቡና ጋር አትውሰጂ፤ ቢያንስ በአንድ ሰዓት ይራራቁ። ካልሆነ ብረቱ ወደ ደም በደንብ አይገባም። ጠፍጣፋና የማያንሸራትት ጫማ አድርጊ። ከሰዓት እግርሽ ስለሚያብጥ ጠባብ አይሁን።

*ሰላምታው።* ሁሉም ይከብሻል። «በሽልም ያውጣሽ» የሚለው ይበዛል፣ አሜን በይ። «መንታ ነው እንዴ?» «ወንድ ነው ሴት?» «መቼ ነው?» ይቀጥላል። እንደ ምርጫሽ መልሺ። ሆድሽን ሊነካ እጁን የሚዘረጋ ካለና ካልፈለግሽ፣ ፈገግ ብለሽ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ በይ። ማብራራት አይጠበቅብሽም። አስፈሪ የምጥ ታሪክ የሚጀምር ሰው በየቢሮው አይጠፋም። «ከወለድኩ በኋላ ትነግሪኛለሽ» ብለሽ ዝጊው።

*ሥራው።* ከባዱን ከ3 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት ባለው ጨርሺ። ስልክሽ በየ45 ደቂቃው እንዲጠራ አድርጊና ተነስተሽ ተራመጂ፤ እስከ ሽንት ቤት ደርሶ መመለስ ይበቃል። ስብሰባ ላይ በሩ አጠገብ ተቀመጪ።

*ምሳ።* ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ብዪ። በአንድ ጊዜ ከጠገብሽ ቃሩ ከሰዓት አያሠራሽም። የሚያባብስብሽ ቅመም ወይም ቅባት ካለ ቀንሺ። ቢሮ ውስጥ ክትፎ ከተጋበዝሽ በደንብ የበሰለ ይሁን፤ ጥሬና ሌብ ሌብ ሥጋ በእርግዝና ጊዜ አይበላም። ቡና ከተፈላ ከአቦል አትለፊ። ካፌይን በቀን ከ200 ሚሊግራም በላይ እንዳይሆን ይመከራል፣ የእኛ ቡና ደግሞ ወፍራም ነው። የምትጾሚ ከሆነ ከሐኪምሽም ከንስሐ አባትሽም ጋር ተነጋገሪ። ቢሮ እየዋልሽ እስከ 9 ሰዓት ባዶ ሆድሽን መቆየት ግን አይሆንም።

*ከሰዓት።* እግርሽን ከፍ አድርጊ። ሁለቱም እግር እኩል ካበጡና አድረው ከቀነሱ የተለመደ ነው። አንዱ ብቻ ካበጠ፣ ከቀላና ካመመሽ ግን የደም መርጋት ሊሆን ይችላል። አትሺው፣ አታሳሺው፣ ሐኪም ጋ ሂጂ።

ዓርብ ማታ ተቀመጪና ምን እንደከበደሽ ጻፊ። አንድ ነገር ብቻ ለይተሽ ሰኞ አስተካክዪ። ሁሉም ነገር ከከበደሽ ደግሞ ሐኪምሽ ጋ ተመለሺ። ሐኪም እረፍት ካዘዘ ፈቃዱ በሕግ ያለ ነው፤ ሽንፈት አይደለም።

ደረጃ 8፦ እነዚህን ካየሽ ሥራሽን ጥለሽ ውጪ

ይህን ክፍል አብራሽ የምትቀመጥ ባልደረባሽም ታንብበው።

- ከማኅፀን ደም መፍሰስ፣ ትንሽም ቢሆን
- ጠንከር ያለ የማይለቅ ራስ ምታት፣ ዓይን መደብዘዝ ወይም ብልጭ ብልጭ ማለት
- ፊትና እጅ በድንገት ማበጥ
- ከጎድን አጥንት በታች፣ ከሆድ በላይ የሚሰማ ኃይለኛ ሕመም
- ትኩሳት
- የእንሽርት ውሃ መፍሰስ
- የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስ ወይም መቆም

ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ያሉት የእርግዝና ግፊት ምልክቶች ሊሆኑ ይችላሉ። «ኮምፒውተር ስላበዛሁ ነው ራሴን ያመመኝ» ብሎ ማስታገሻ መዋጥ ቢሮ ውስጥ የሚደረግ አደገኛ ስህተት ነው። በአቅራቢያ ክሊኒክ ግፊትሽን ተለኪ። 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በቀጥታ ክትትልሽን ወደምታደርጊበት ተቋም ሂጂ።

*እንቅስቃሴው ከቀነሰብሽ፦* ሥራ ላይ ሆነሽ ስላላስተዋልሽ ሊሆን ይችላል። አንድ ነገር ብዪ፣ ውሃ ጠጪ፣ በግራ ጎንሽ ተጋደሚና ቁጠሪ። በሁለት ሰዓት ውስጥ 10 እንቅስቃሴ ካልደረሰ እስከ ነገ አትጠብቂ። ጭራሽ ካቆመ ደግሞ ቆጠራ ላይ ጊዜ አታጥፊ፣ ወዲያው ሂጂ።

*ለባልደረባዋ፦* ራሷን ስታ ካንቀጠቀጣት በግራ ጎኗ አስተኟት፣ አጠገቧ ያለውን ስለታም ነገር አርቁ፣ አፏ ውስጥ ምንም አታስገቡ። ክብሪት የሚጭር እንዳይኖር። አምቡላንስ ጥሩ። የቀይ መስቀል 907 ነው፣ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ 939። አምቡላንሱ እስኪመጣ ግን መኪና ያለውን ሰው አዘጋጁ።

ደረጃ 9፦ ምጥ ቢሮ ውስጥ ከጀመረ

መጀመሪያ ሳምንትሽን አስቢ። 37 ሳምንት ካልሞላሽና ሆድሽ በተደጋጋሚ እየጠነከረ የሚለቅ ከሆነ፣ ወይም እንደ ወር አበባ ያለ ሕመም እየመጣ ከሄደ፣ ቁጭ ብለሽ ሰዓት አትቁጠሪ። ሂጂ።

37 ሳምንት ካለፈሽ እውነተኛ ምጥ መሆኑን ለዪ። ቦታ ስትቀይሪ፣ ውሃ ስትጠጪና ስታርፊ ከተወሽ የውሸት ምጥ ሊሆን ይችላል። እየጠነከረና እየተቀራረበ ከመጣ እውነተኛ ነው። በተለምዶ «በየ5 ደቂቃው፣ አንድ ደቂቃ የሚቆይ፣ ለአንድ ሰዓት» ሲሆን ሂጂ ይባላል። ይህ ግን ሆስፒታሉ ቅርብ ለሆነላት ሴት ነው። 10 ሰዓት ላይ መገናኛ ቆመሽ የምትጠብቂው ትራፊክ ካለ ቀደም ብለሽ ተነሺ። ሁለተኛ ልጅሽ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ቀደም በዪ፤ ምጡ ሊፈጥን ይችላል።

1. አጠገብሽ ላለችው ባልደረባ ንገሪ። ብቻሽን ወደ ሽንት ቤት አትሂጂ።
2. ለቤተሰብሽ ደውዪ። የወሊድ ቦርሳውን ይዘው በቀጥታ ሆስፒታል ይምጡ፤ ቢሮ ድረስ አይምጡ።
3. ክትትል ወደምታደርጊበት ተቋም ደውለሽ እየመጣሽ መሆኑን አሳውቂ።
4. ራስሽ አትንጂ። አንድ ሰው አብሮሽ ከኋላ ይቀመጥ።
5. ውሃው ፈሶ ከሆነ ሰዓቱንና ቀለሙን ያዢ። አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ፣ ወይም ደም ካለው፣ ምጥ ባይኖርም ወዲያው ሂጂ። ሞዴስ አድርጊ፣ ውስጥ የሚገባ ነገር ግን አትጠቀሚ።

ደረጃ 10፦ በጊዜ ውጪ

ከፈቃዱ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለሽ ርክክብ ጀምሪ። የመጨረሻው ሳምንት ላይ አትተማመኚ፤ ልጁ የአንቺን ካላንደር አያውቅም። በእጅሽ ያሉትን ሥራዎች፣ ፋይሉ የት እንዳለ፣ ማን እንደሚረከብ አንድ ገጽ ላይ ጻፊና ለተረካቢውም ለአለቃሽም ላኪ።

ብዙ ሴቶች «ከወሊድ በፊት ያለውን ፈቃድ ሠርቼ ከወሊድ በኋላ ላራዝመው» ይላሉ። ሐሳቡ ይገባኛል፣ ከልጅ ጋር ተጨማሪ ወር ማን ይጠላል። ሕጉ ግን 30 ቀኑ ሳያልቅ ከወለድሽ ከወሊድ በኋላ ያለው 90 ቀን ወዲያው ይጀምራል ነው የሚለው። የቀረው ቀን ይዞራል አይልም። ድርጅታችሁ የተሻለ የኅብረት ስምምነት ወይም የውስጥ ደንብ ካለው በጽሑፍ እንዲሰጡሽ ጠይቂ። «አይዞሽ፣ እናስተካክላለን» በተባለ ቃል ብቻ እስከ መጨረሻው ሳምንት አትሥሪ። በተቃራኒው 30 ቀኑ አልቆ ገና ካልወለድሽ፣ እስክትወልጂ ድረስ ተጨማሪ ፈቃድ አለሽ፤ የሐኪም ማስረጃ አቅርቢ።

የፈቃድ ማመልከቻሽን በሁለት ቅጂ አዘጋጂ። ከሐኪም ደብዳቤው ጋር አስገቢና በአንዱ ቅጂ ላይ የተቀበለው ሰው ቀን ጽፎ ይፈርምበት። ፎቶ አንሺው፣ ለባለቤትሽም ላኪለት። ከዚያ የቢሮውን ቴሌግራም ግሩፕ ድምፅ አጥፊ።